አልሰማሁም ብዬ የፈረምኩባት ሪፖርት

ብሬብሩክ ፌርማታ ላይ ቆሜ አውቶቡሱ ብቅ ሲል፣ እጄን ከማንሳቴ በፊት ሹፌሩን አያለሁ። ሕንዳዊው ሰውዬ ወይም ያቺ ጸጉሯን ቀይ የምትቀባው ሴትዮ ከሆነች እፎይ ብዬ እሳፈራለሁ። ጭንቅላቱ ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ ረጅም ጥቁር ሰው ከሆነ ግን ስልኩን እንደሚያነብ ሰው አቀረቅርና አሳልፈዋለሁ። ቀጣዩ የሚመጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። በክረምት በዚያ ንፋስ ሃያ ደቂቃ መቆም ለጉልበቴ አይበጅም። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

ሹፌሩ ኡጁሉ ይባላል፤ የጋምቤላ ልጅ ነው። መሪ ከመጨበጡ በፊት እዚሁ ሜልበርን በፕሮፌሽናል ሊግ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። እኔ ደግሞ ዳኛ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ሥራውን ለቀቅኩ፤ ባልደረቦቼም ፊሽካዬን በመስታወት ውስጥ ቆልፈው ግድግዳ ላይ እንድሰቅለው ሰጡኝ። ሃያ አራት ዓመት የነፋሁት ፊሽካ አሁን ድምፅ የለውም። እያየሁት ሻይ እጠጣለሁ።

ስሜ ታዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቀታም ነኝ። በር ቆልፌ ወጥቼ መቆለፉን ለማየት የምመለስ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ፀዳለ፣ «አንተ እኮ ሲፈጥርህ ዳኛ ነህ፤ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ታያለህ» ትለኛለች። አዲስ አበባ እያለሁ በአንድ ክለብ ተጫውቻለሁ፤ ጎበዝ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። በስደት በኬንያ በኩል እዚህ ስደርስ ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሰፈሩ አዳራሽ ማጫወት ጀመርኩ። ክፍያው ከቤንዚን ብዙም አይተርፍም ነበር። እኔ ግን አገሬ ጥዬው የመጣሁትን የላስቲክ ጫማ ሲጢጥታ እዚያ መልሼ ስላገኘሁት ደስተኛ ነበርኩ።

ከሰፈር አዳራሽ አውጥቶ ትልቁ ሊግ ያደረሰኝ ኮሊን የሚባል ሰው ነው። ሥራው አናጢነት ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ ግን በዳኝነት አሳልፏል። ጨዋታው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት በፊት ይደርስና ጫማውን አውልቆ በካልሲ ሜዳውን ይዞራል። እንጨቱን በእግሩ እየዳሰሰ ኳስ የማይነጥርበትን ቦታ ይፈልጋል። አንዱን ቦታ ሲያገኝ ይጠራኝና፣ «እዚህ ጋ ኳስ ከእጁ ያመለጠውን ልጅ አትፍረድበት፤ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው» ይለኛል። ከጨዋታ በፊት አንዱን አሠልጣኝ ሰላም ካለ ሌላውንም ያንኑ ያህል ካልጨበጠ አይሆንለትም። 

ከልማዶቹ ሁሉ የያዝኩለት ደብተሩን ነው። ከጨዋታ በኋላ ላቡ ሳይደርቅ ትንሽ ደብተር ያወጣል። ገጹ ለሦስት የተሰመረ ነው፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የገመትኩት። በያንዳንዱ ስር ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል። «ዳኛ የሚሳሳተው ሦስተኛውን አንደኛው ውስጥ ሲጽፍ ነው» ይል ነበር። እኔም ተመሳሳይ ደብተር ገዛሁ፤ የምጽፈው ግን በአማርኛ ነበር። ማንም እንዳያነብብኝ።

ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የሚወራወሩትን ንግግር እዚህ ትራሽ ቶክ ይሉታል። ያልሰማ ሰው ጨዋታው በእጅ ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። «ይህን ሹት አያትህ ትመታው ነበር» ይባባላሉ፤ «አሠልጣኝህ ለምን እንዳስገባህ ዛሬ ገባኝ» ይባላል። ይህ የሥራው ቅመም ነው፤ ይታለፋል። ኮሊን ድንበሩን እንዲህ አስተማረኝ፤ ስለ ጨዋታው ከሆነ ተወው፣ ስለ ሰውየው ዘር ከሆነ ፊሽካህን ንፋ። ይህን ለመስማት የተሻለው ቦታ ደግሞ ከቅርጫቱ ስር ነው። ቅጣት ምት ሲመታ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ተጫዋቾቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ከስር የቆመው ዳኛ ትንፋሻቸውን ሳይቀር ይሰማል።

ድንበሩ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ግን ለሁሉ እኩል አልነበረም። ነጩ ተጫዋች ደረቱን ነፍቶ ሲጮህ በግምገማችን ላይ «ግለት ያለው ልጅ» ይባላል። ጥቁሩ ዝም ብሎ አፍጦ ካየ «የጸባይ ችግር አለበት» ይባላል። እነዚህን ቃላት እኔም ለምጄ እጠቀምባቸው ነበር። የራሴ ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። ለጥቁር ተጫዋች የነፋሁ እንደሆነ ከመቀመጫው አንድ ሰው «ለዘመዱ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ያ ድምፅ ቤቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር፤ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ፍርዴን መልሼ መላልሼ አየዋለሁ።

እኛ ሰፈር ሁለት ልጆች ሲጣሉ እናት መጀመሪያ የምትመታው የራሷን ልጅ ነው። ማን ጀመረ ብላ አትጠይቅም። ጎረቤት «ለልጇ ታደላለች» እንዳይላት የራሷን ልጅ ጆሮ ትቆነጥጣለች፤ የሰው ልጅ እያለቀሰ ቢሆንም እየሳቀም ቢሆን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሉኝታ ይባላል። እኔም በዚህ ቁንጥጫ ነው ያደግኩት። ሜዳ ላይ የማደርገው ይህንኑ መሆኑን ግን ለረጅም ጊዜ አላወቅኩትም፤ ፍትሐዊ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ።

ኡጁሉን መጀመሪያ ያወቅኩት ሴንት አልባንስ በሚባለው ሰፈር አንድ ሠርግ ላይ ነው። የሊጉ ተጫዋች መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን ዝቅ ብሎ «ጋሼ፣ እንደምን ነዎት?» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አማርኛው በትምህርት ቤት የለመደው ነው፤ ጥርት ያለ፣ ግን ቀስ ያለ። ወዲያው ጨነቀኝ። ሰው ሲያየን ምን ይል ይሆን ብዬ ሁለት ቃል ተናግሬ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄድኩ።

ስለ ጋምቤላ ልጆች ደግሞ የማልኮራበት ነገር አለኝ። አዲስ አበባ ስጫወት ከዚያ የመጣ ቁመታም ተጫዋች ነበረን። ስሙን ትተን በቆዳው ቀለም ነበር የምንጠራው። እሱም ከእኛ ጋር ይስቅ ነበር፤ እኛም ቀልድ ነው ብለን እናምን ነበር። አንድ ቀን እንኳ ያስቅሃል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ እዚህ መጥቼ ስለ ነጮቹ አፍ ስናገር የእኔን ረስቼው ነበር።

ነገሩ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከአራቱ ኳርተሮች በሁለተኛው ኡጁሉ ኳሱን ከላይ አስቆጠረና ሲወርድ ከሚከላከለው ተጫዋች ፊት ለፊት ቆሞ አፈጠጠበት። ቃል አልተናገረም። እኔ ለጸባይ የሚሰጠውን ቴክኒካል ፋውል ሰጠሁት። ያ ሌላኛው ተጫዋች ቀደም ብሎ ያስቆጠረ ጊዜ ደረቱን እየደበደበ ፊቱ ላይ ጮኾበት ነበር፤ ያን ጊዜ ፊሽካዬ ኪሴ የገባ ይመስል ዝም ብያለሁ። ኡጁሉ ምንም ሳይል እጁን አነሳና ወደ ቦታው ሄደ።

በአራተኛው ኳርተር ኡጁሉ ሁለት ቅጣት ምት አገኘ። እኔ ከቅርጫቱ ስር ነበርኩ፤ ኳሱን አንጥሬ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ሳተ። ያ ተጫዋች ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር፤ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ «አንተ ዝንጀሮ፣ ሙዝ ቢሆን ኖሮ አትስተውም ነበር» አለ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። እጄ ላይ የያዝኩት ኳስ ከበደኝ።

ኡጁሉ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ሳያነሳ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ሰምተዋል አይደል?» አለኝ።

ከተቃራኒው ወንበር አሠልጣኙ ብድግ ብሎ፣ «ምን እያወሩ ነው? በራሳቸው ቋንቋ ከዳኛው ጋር ያወራል እንዴ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ እኔን አየ። ሁለቱ ዳኞችም አዩኝ።  ከዚያ የራሴን ልጅ መታሁ። ፊሽካዬን ነፍቼ መዳፌን በጣቶቼ ላይ አጋድሜ የቴክኒካልን ምልክት አሳየሁ። ሁለተኛው ስለሆነ ከጨዋታ ወጣ። ሲወጣ የውኃ ጠርሙስ በእግሩ መታ፤ ጠርሙሱ ከዳኞች ጠረጴዛ ስር ተንከባለለ። ይህም በሪፖርቱ ገባ።

ሪፖርቱን የጻፍኩት መልበሻ ክፍል ተቀምጬ ነው። «ተጫዋቹ በሌላ ቋንቋ አክብሮት በጎደለው ሁኔታ ተናገረኝ» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ «ጋሼ» ብሎኛል፤ አንቱ ብሎኛል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ቀን አክብሮ ያነጋገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ቀጥሎ፣ ቅጹ ተቃራኒው ተጫዋች ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ፣ «አልሰማሁም» ብዬ ፈረምኩ። ኮሊን ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ ጨዋታውን ከመቀመጫ ሆኖ አይቷል። መኪናው ጋ ጠብቆኝ፣ «ታዬ፣ ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ምን ጻፍክ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ትንሽ አየኝና፣ «እሺ፣ በደህና ግባ» ብሎ ሄደ። ከዓመት በኋላ ሞተ። እውነቱን አልነገርኩትም። 

ቤቴ ስገባ ግን እጄ ልማዱን አልተወም። ደብተሬን አውጥቼ «የሰማሁት» ከሚለው ስር ያን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፍኩት። «የገመትኩት» ከሚለው ስር ደግሞ «ሰዎች ያዳላል ይሉኛል» ብዬ ጻፍኩ። ያየሁት ከሚለው ስር ምንም አልጻፍኩም። ደብተሩን የካልሲ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ያ ተጫዋች ማስረጃ የለም ተብሎ ነጻ ወጣ። ኡጁሉ ብዙ ጨዋታ ታገደ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡ የጸባይ ችግር አለበት ብሎ ውሉን አላደሰለትም፤ ሌላም ክለብ አልወሰደውም። እኔን ደግሞ ፉትስክሬይ ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ምሳ ልበላ ስገባ አንዱ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «ታዬ ማለት ለወገኑ እንኳ የማያዳላ ሰው ነው!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ሒሳቤንም ከፈለልኝ። 

ከሊጉ ቢሮ ደብዳቤ የመጣው ከዳኝነት በተሸኘሁ በሦስተኛው ወር ነው። ኡጁሉ በአንድ ክለብ ረዳት አሠልጣኝ ለመሆን አመልክቷል። መዝገቡ ላይ «ዳኛ በመስደብ የተቀጣ» የሚል ስላለ አልተቀበሉትም። መዝገቡ እንደገና እንዲታይለት ጠይቋል። በዚያ ቀን ያጫወትነው ዳኞች ሪፖርታችንን እናጸና እንደሆነ ወይም የምናርመው ካለ እስከ ዓርብ እንድንጽፍ ደብዳቤው ይጠይቃል። መልስ ካልሰጠን መዝገቡ እንዳለ ይቀጥላል።

ሰኞና ማክሰኞ ምንም አላደረግኩም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ከተናገርኩ ውሸታም ዳኛ ሆኜ ሃያ አራት ዓመቴ በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ ያ ፉትስክሬይ ትከሻዬን የመታኝ ሰውዬ ምን ይላል? ረቡዕ ጠዋት ፀዳለ ከአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራዋ ስትመለስ ወጥ ቤት አገኘችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስቶቩን አራት ጊዜ ቼክ አደረግክ፤ ምን ሆነሃል?»

ደብዳቤውን ሰጠኋት። ደብተሩንም አመጣሁላት። ቆማ አነበበችው፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ይሄን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና ስድስት ዓመት እኔ አጠገብ ተኝተህ ዝም አልክ?» ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «እኔ እኮ ሺፍት ላይ ሽማግሌዎቹ 'ጥቁር እጅ አይንካኝ' ሲሉኝ ቤት መጥቼ የምነግረው ላንተ ነበር። አንተም 'አይዞሽ፣ ኮምፕሌን አድርጊ' ትለኝ ነበር።»

 እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሲጠራ ግን መጀመሪያ የሚያሳየው የራስን ፊት ነው።

ሐሙስ ቀን ሙሉ ጻፍኩ፤ አጠፋሁ፤ ጻፍኩ። ሲመሽ አንድ ገጽ ወጣልኝ። ግን ቢሮው ከእኔ ከመስማቱ በፊት ልጁ መስማት አለበት አልኩ። ዓርብ ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ሕንዳዊው መጣ፤ አሳለፍኩት። ቀይ ጸጉሯ ሴትዮ መጣች፤ አሳለፍኳት። ሦስተኛው እሱ ነበር። እጄን አነሳሁ።

በሩ ተከፈተ። አየኝ። «ጋሼ» አለ፤ ሰላምታ አልጨመረም። ካርዴን አስነካሁና ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። እስከ ፉትስክሬይ ሄድን። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወረደ፤ ጥቂት ደቂቃ ማረፊያ አለው። ሞተሩን አጠፋ።

«ኡጁሉ፣ ያን ቀን ሰምቼ ነበር» አልኩት። «አልሰማሁም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ዛሬ አርሜ ልልክ ነው።»

እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ። አልዞረም።

«መስማትዎን አውቅ ነበር» አለ። «ያልሰማ ሰው ምን አለህ ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ አልጠየቁኝም።»

 ከስድስት ዓመት በኋላ፣ «ምን አለህ?» አልኩት።

ያን ጊዜ ዞረ። «የትኛውን? ከመጀመሪያው ኳርተር ጀምሮ ኳስ በያዝኩ ቁጥር ጆሮዬ ስር የዝንጀሮ ድምፅ ያሰማ ነበር። ሳስቆጥር ያፈጠጥኩበት ለዛ ነው። እርስዎ ማፍጠጤን አዩ፤ ቴክኒካል ሰጡኝ።»

ያንን አላውቅም ነበር። አንድ ጥፋት ልናዘዝ መጥቼ ሁለት ሆነብኝ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬአለሁ። ለሁለቱ ዳኞች በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። 'ጌምህን ተጫወት' አሉኝ።» መሪውን በመዳፉ ጠረገ። «ለእርስዎ በአማርኛ የነገርኩት ለዛ ነው። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ስሳሳት እየሳቁብኝ ነው የተማርኩት። ግን በሱ ብናገር ለእርስዎ ይደርሳል ብዬ ነበር።»

አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ማልቀሱ ያሳፍራል፤ እኔ ግን ማን አየኝ ብዬ ዞር አላልኩም። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«መጀመሪያ ይላኩት» አለ። ሰዓቱን አይቶ ሞተሩን አስነሳ። «የመነሻ ሰዓቴ ደርሷል፤ ሰው እየጠበቀ ነው። ይወርዳሉ ወይስ ይመለሳሉ?»

ተመለስኩ። ቤት ደርሼ የጻፍኩትን ገጽ ከፈትኩና የመጀመሪያውን ቴክኒካልም ጨመርኩበት፤ ምን እንዳየሁ፣ ምን እንዳልጠየቅኩ። የደብተሬን ገጽ ፎቶ አንስቼ ከስሩ ተረጎምኩት። ፀዳለ ከኋላዬ ቆማ አነበበችና፣ «'አክብሮት የጎደለው' ያልከውን አርመሃል?» አለችኝ። አርሜዋለሁ። ሰዓቱ ሳይሞላ ላክሁት።

ይህን ስጽፍ መልስ አልመጣም። በዳኞች መካከል ወሬው ደርሷል፤ ሁለት ሰዎች ስልኬን ማንሳት ትተዋል። በቀን አሥር ጊዜ ኢሜይሌን እከፍታለሁ፤ ስቶቩንም እንደ በፊቱ አያለሁ። መስታወት ውስጥ ያለችውን ፊሽካ ከግድግዳ አውርጄ ደብተሩ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አስገባኋት።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ ከሩቅ ብቅ ሲል ሹፌሩን ሳላይ እጄን አነሳሁ። በሩ ሲከፈት ሌላ ሰው ነበር። እረፍቱ ይሁን፣ ያመለከተበት ክለብ ጠርቶት ይሁን፣ አላወቅኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ባልሆነ እያልኩ እዚያ ቆሜያለሁ፤ ዛሬ ግን እሱ በሆነ አልኩ። ካርዴን አስነክቼ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ።